ከመወልወልዎ በፊት ያንብቡት

ይድረስ የአባት የአያት የኪስ ሰዓት ወይም የብር ዕቃ ለወረሱ ውድ አንባቢዬ፤

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ አንድ ነገር ልለምንዎ ብዬ ነው። ከሣጥን ሥር ያወጡትን ያን የጠቆረ ዕቃ ለማጽዳት ከመነሣትዎ በፊት ጥቂት ይታገሡኝ።

በብዙ ቤት ነገሩ አንድ ዓይነት ነው። አንድ ታላቅ ሰው ያርፋሉ፤ ተዝካራቸው ይወጣል፤ ዕቃው ለልጆች ይከፋፈላል። ለአንዱ ከነሰንሰለቱ የኪስ ሰዓት ይደርሰዋል፤ ለሌላዋ አልቦና ድሪ፤ ለሦስተኛው ጥቂት ጠገራ ብርና ከውጭ አገር የመጡ ማንኪያዎች። ወራሹም ለሟች ካለው ፍቅር የተነሣ ዕቃው ዳግም እንዲያበራ ይመኛል። የጥርስ ሳሙና ይመጣል፤ አመድ ይነፋል፤ ሎሚ ይቆረጣል፤ አንዳንዴም በረኪና ይቀርባል። ሰዓቱ ደግሞ በቢላ ጫፍ ይፈለቀቃል። እስካየሁት ድረስ በየቤታችን ያለውን ቅርስ ከመረሳት ይልቅ የጎዳው ይህ የፍቅር ጥድፊያ ነው። መቶ ዓመት ሣጥን ውስጥ የኖረ ብር ቢጠቁር፣ ሙያው ያለው ሰው ጥቁረቱን ያነሣለታል። ተፍቆ የሄደውን ጽሑፍና ቅርጽ ግን የሚመልስ የለም። የብራና መጽሐፍ እንዲነጣልን ብለን ቀለሙን አንፍቅም። የድሮ ሰዓትና የድሮ ብርም ላያቸው ላይ የተጻፈ ነገር አለና አስቀድመው ይነበቡ።

በሰዓቱ እንጀምር። የኪስ ሰዓት ባትሪ የለውም። ጉልበቱን የሚያገኘው በትንሽ ክብ ቤት ውስጥ ከተጠቀለለ ረጅም ሞላ ነው። ሲሞሉት ሞላው ይጠብቃል፤ ቀስ እያለ ሲፈታ ደግሞ ጥርሳም መዘውሮቹን ይገፋል። ጉልበቱ በአንድ ጊዜ ተለቅቆ እንዳያልቅ የሚቆጣጠረው ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዝ ሚዛን መዘውር ነው። ይህን መዘውር ወደ ቦታው የምትመልሰው እጅግ ቀጭን ጥምዝ ሞላ ስትሆን፣ ሆላንዳዊው ሊቅ ክርስቲያን ሃይገንስ ለሰዓት ያዋላት በ1675 እ.ኤ.አ. ነው። በ1750ዎቹ ደግሞ እንግሊዛዊው ቶማስ ማጅ ጥርሳሙን መዘውር እየያዘች የምትለቅ ሹካ መሰል ብረት ፈለሰፈ። ጆሮዎን ሲያስጠጉ የሚሰሙት ምት የሚመጣው ከዚያ አካባቢ ነው።

ከ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ወዲህ የተሠሩት አብዛኞቹ በሴኮንድ 5 ጊዜ ይመታሉ። በአንድ ሰዓት 18,000፣ በአንድ ቀን 432,000 ምት ማለት ነው። ይህን ሁሉ እንቅስቃሴ የሚሸከሙት ጫፋቸው ከሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ገደማ የሆኑ ዘንጎች ናቸው። ጫፎቹ ቶሎ እንዳይበሉ በሩቢ ድንጋይ ቀዳዳ ውስጥ ይቀመጣሉ። ሰዓቱ ላይ 15 ወይም 17 ሩቢ ተብሎ የተጻፈው ለዚህ ነው እንጂ ስለ ጌጥ አይደለም። በየቀዳዳውም ነጥብ የምታህል ዘይት አለች። እንግዲህ መውደቅ ዘንጉን ይሰብራል፤ አቧራና እርጥበት መዘውሮቹን ይበላል፤ የደረቀ ዘይት ደግሞ ሁሉንም ያንቃል።

አሁን ወደ ንባቡ። ብዙ ሰው የሰዓቱን ዕድሜ ለማወቅ ቀፎው ላይ ያለውን ቁጥር ይዞ ይነሣል፤ ይህ ያሳስታል። የአሜሪካ ፋብሪካዎች፣ ዎልታም፣ ኤልጂንና ሃሚልተን፣ ብዙውን ጊዜ የሚሸጡት የውስጡን ማሽን ነበር፤ ቀፎውን ገዢው እንደ አቅሙ ከሌላ ሠሪ ይመርጥ ነበር። የተሠራበትን ዘመን የሚናገረው ማሽኑ ላይ የተቀረጸው ቁጥር ነው፤ የእነዚህ ፋብሪካዎች ቁጥር ከነዓመቱ የተመዘገበበት ዝርዝርም ዛሬ ድረስ ይገኛል። የስዊስ ሰዓት ከሆነ የኋላው ክዳን ሲከፈት ብዙ ጊዜ ሁለተኛ የውስጥ ክዳን ይወጣል፤ በላዩም በፈረንሳይኛ አንክር ወይም ሲሊንድር የሚል ጽሑፍና የሜዳሊያ ሥዕል ይታያል። ይህን የሠሪው ስም አድርጎ የሚወስድ ብዙ ነው፤ ጽሑፉ ግን የማሽኑን ዓይነት ነው የሚናገረው።

አንዳንዱ ሰዓት በትንሽ ቁልፍ ይሞላል፤ ሌላው አናቱ ላይ ባለች ጉብ። ያለ ቁልፍ መሙላትን ለፍሬ ያበቃው ፈረንሳዊው አድሪያን ፊሊፕ ሲሆን ዘመኑም 1840ዎቹ ነው። በቁልፍ የሚሞላው ግን እስከዚያ መቶ ዓመት መጨረሻ ድረስ መሠራቱ ስላልቀረ ቁልፍ ብቻውን ዕድሜን አያስረዳም። ሮስኮፍ የሚል ካገኙ ደግሞ አይናቁት። ጆርጅ ፍሬደሪክ ሮስኮፍ በ1867 እ.ኤ.አ. በፓሪስ ኤግዚቢሽን የተሸለመበትን ሰዓት ያሰበው ሠራተኛው ሰው በ20 ፍራንክ እንዲገዛው ነበር። ሰዓት የጌቶች ብቻ መሆኑ እንዲቀር ካደረጉት ሥራዎች አንዱ ይህ ነው።

በዋሽንግተን፣ በዳላስ ወይም በሌላ የአሜሪካ ከተማ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ ለሚገዙ አንባቢዎች ስለ ባቡር ሰዓት ጥቂት ልጨምር። በ1891 እ.ኤ.አ. ኦሃዮ ውስጥ ኪፕተን በምትባል ስፍራ ሁለት ባቡሮች ተጋጭተው ሰዎች ሞቱ። ለአደጋው የአንዱ ሠራተኛ ሰዓት ለጥቂት ደቂቃ ቆሞ መነሣቱ በምክንያትነት ተነገረ። ከዚያ በኋላ የክሊቭላንዱ ሰዓት ነጋዴ ዌብ ቦል የባቡር ሠራተኞች ሰዓት በደንብ እንዲመራ አደረገ፤ በሳምንት ከ30 ሴኮንድ በላይ የሚስት ሰዓት ለባቡር ሥራ ብቁ አልነበረም። ጠቋሚው በኪስ ውስጥ በስሕተት እንዳይዞር፣ ብዙዎቹ የባቡር ሰዓቶች ጉቧን በመሳብ አይስተካከሉም። የፊቱ መስታወት ተፈትቶ ከጠርዙ ሥር የተሸሸገችው ትንሽ ማንሻ መሳብ አለባት። ይህን ያላወቀ ሰው ጉቧን በኃይል ሲጎትት ደህናውን ሰዓት ይሰብራል።

ካነበቡት በኋላ እንዴት ይያዝ? ለዓመታት የተቀመጠ ሰዓት ካለዎት እስኪ ይሠራ እንደሆነ ብለው አይሙሉት። ዘይቱ ደርቆ ከአቧራ ጋር ስለተጣበቀ ዘንጎቹ በደረቁ ይፋጫሉ፤ አስቀድሞ ሰዓት ሠሪ ይየው። ሰዓቱ ሞላው ጠብቆ ሳለ የማይሄድ ከሆነ ደግሞ ብዙ ሰው «ከልክ በላይ ተሞልቶ ተበላሸ» ይላል። አንድን ሰዓት እስከ መጨረሻው መሞላቱ ብቻውን አያበላሸውም። ሞላው ሙሉ ሆኖ ሳለ መዘውሩን ማንቀሳቀስ ያቃተው አብዛኛውን ጊዜ በቆሻሻና በደረቀ ዘይት ነው። የሚፈልገውም ማጽዳት ነው።

የሚሠራ ሰዓት ከሆነ በየቀኑ ጠዋት በተመሳሳይ ጊዜ ይሙሉት፤ እጅዎ ላይ እምቢ ሲል ያቁሙ። ባለ ክዳን ከሆነ ሲዘጉ ጉቧን ተጭነው ክዳኑን ካስቀመጡ በኋላ ጉቧን ይልቀቁ። ቀጭ አድርጎ የሚዘጋ ሰው የሚይዘውን ጠርዝ በጥቂት ዓመት ውስጥ በልቶ ይጨርሰዋል፤ ከዚያ ክዳኑ አልዘጋ ይላል። ማግኔት ካለበት ድምፅ ማጉያና ከስልክ ያርቁት፤ ቀጭኗ ሞላ ማግኔት ከያዛት ሰዓቱ ይሮጣል። የልብስ ስፌት ወይም የመኪና ዘይት ጠብ እንዳያደርጉበት አደራ፤ ያ ዘይት ተስፋፍቶ ከማይገባበት ይደርሳል። ነጩ የሸክላ መስታወት ፊት ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ቢኖረው በእርጥብ ጨርቅ አይጥረጉት፤ ውሃና ቆሻሻ በስንጥቁ ገብቶ መስመሩን ያጠቁረዋል።

አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያም አለኝ። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አሥርት ዓመታት የተሠሩ አንዳንድ ሰዓቶች በጨለማ እንዲያበሩ ቁጥራቸውና ጠቋሚያቸው በራዲየም ቀለም ተቀብቷል። ራዲየም ጉልበቱ በግማሽ ለመቀነስ 1,600 ዓመት ያህል ይፈጃል። ስለዚህ ማብራቱን ቢተውም አደጋው አልለቀቀም። ቀለሙ ቡናማ ሆኖ የሚፈረፈር ከሆነ ሰዓቱን አይክፈቱ፤ ዱቄቱን አይንኩ፤ ልጆች አይጫወቱበት፤ ለሰዓት ሠሪም ሲሰጡ አስቀድመው ይንገሩት።

ሰዓት ሠሪ ሲመርጡ አያፍሩ፤ ይጠይቁ። ሙሉ በሙሉ ፈትቶ ያጥበዋል ወይስ ዘይት ብቻ ይጨምርበታል? የሚለውጠውን አሮጌ አካል ይመልስልዎታል? ቀፎውን እንዳይወለውልስ ቃል ይገባል? የመጨረሻው ጥያቄ ለእኔ ትልቁ ነው። የቀደሙ ሰዓት ሠሪዎች ባደሱ ቁጥር በክዳኑ ውስጥ በመርፌ ጫፍ ትንሽ ምልክትና ቀን ይጭሩ ነበር። በእንግሊዝና በአሜሪካ ደግሞ ስማቸውንና አድራሻቸውን የያዘ ክብ ወረቀት በክዳኑ ውስጥ ያስቀምጡ ነበር። ሰዓቱ የት የት እንደታደሰ የሚመሰክረው ያ ጭረትና ያ ወረቀት ነው። ለማንጸባረቅ ሲባል ከተፋቀና ከተጣለ ሰዓቱ ያለፈበትን መንገድ የሚናገር ሌላ አንደበት የለውም።

ወደ ብሩ ልምጣ። ንጹሕ ብር ለዕቃ ሲበዛ ለስላሳ ስለሆነ መዳብ ይቀላቀልበታል። ማኅተም ላይ ያለው ቁጥር ከሺህ ስንቱ እጅ ብር እንደሆነ ይናገራል። 925 ስተርሊንግ የሚባለው የእንግሊዝ ደረጃ ነው፤ 800 በጀርመንና በጣሊያን ዕቃ ላይ ይበዛል፤ 84 የሚል ካገኙ የድሮ የሩሲያ መለኪያ ነውና 875 ማለት ነው። በእንግሊዝ ዕቃ ላይ የሚራመድ አንበሳ ብሩ ስተርሊንግ ለመሆኑ ዋስ ነው፤ የነብር ራስ ለንደንን፣ መልሕቅ በርሚንግሃምን ያመለክታል፤ አጠገቡ ያለችው ነጠላ ፊደል የዓመቱ ምልክት ናት። ኢ፣ ፒ፣ ኤን፣ ኤስ የሚሉ አራት የላቲን ፊደላት ካዩ ግን ዕቃው ሌላ ብረት ሆኖ ላዩ ብቻ በብር የተለበጠ ነው። ኤልኪንግተን የተባለው የበርሚንግሃም ቤት ይህን በኤሌክትሪክ የመለበጥ ጥበብ በ1840 እ.ኤ.አ. ካስመዘገበ ወዲህ የተለበጠ ዕቃ በዓለም ሞልቷል። የጀርመን ብር የሚሉትም መዳብ፣ ኒኬልና ዚንክ እንጂ ብር የለበትም። ማግኔት አልሳበውምና ብር ነው የሚለውን ፈተና አይመኑ፤ ናስንም መዳብንም ማግኔት አይስባቸውም።

የእኛ አገር አንጥረኛ የሠራው ብዙ ጊዜ ማኅተም የለውም። ብሩ ከየት መጣ ቢሉ፣ በብዛት ከጠገራ ብር ነው። የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት ይህ ገንዘብ ክብደቱ 28 ግራም ያህል ሲሆን ከሺህ 833 እጁ ብር ነው። እየቀለጠ መስቀል፣ ድሪ፣ አልቦና የጆሮ ጌጥ ሆኗል። ላዩ ላይ ያለው 1780 ንግሥቲቱ ያረፉበት ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ በቪየናም በሌሎች ከተሞችም ለብዙ ዘመን ሲመታ ዓመተ ምሕረቱ አልተለወጠም። ስለዚህ በእጅዎ ያለው ጠገራ ከአያትዎ ዘመን ወዲህ የተመታ ሊሆን ይችላል። ጠርዙን ይዩት፤ ፍትሕና ርኅራኄ የሚል የላቲን መፈክር ጎልቶ ተቀርጾበታል። ጠርዙን ፍቆ ብር የሚሰርቅ ወዲያው ይታወቅበት ነበር። በገበያችንም ሰው የንግሥቲቱን የደረት ጌጥ ፈርጦች ደህና መሆናቸውን አይቶ ነበር የሚቀበለው። ታዲያ አባቶች አንድ በአንድ ያዩትን ፈርጥ በአመድ አሽቶ ማጥፋት ምን ይባላል?

ብር የሚጠቁረው ስለዛገ አይደለም። በአየር ውስጥ ካለ የድኝ ጋዝ ጋር ተዋሕዶ ላዩ ላይ ስስ ጥቁር ሽፋን ያወጣል። ድኝ ደግሞ በዕንቁላል፣ በሽንኩርት፣ በላስቲክ፣ በሱፍ ጨርቅና በጋዜጣ ወረቀት አለ። የብር ማንኪያ ዶሮ ወጥ ውስጥ ካደረ ጠዋት ጠቁሮ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ሲፋቅ የሚሄደው ይህ ሽፋን ነው፤ ሽፋኑ ግን የተሠራው ከራሱ ከብሩ ስለሆነ በእያንዳንዱ ፍቀት ትንሽ ብር አብሮ ይሄዳል። የተለበጠ ዕቃ ሲሆን ከሥሩ ቢጫ ወይም ቀይ ብረት ብቅ ይላል። በመስቀልና በጌጥ ላይ ደግሞ ሌላ ጉዳት አለ። በመርፌ የተወጋው ሐረግ የሚታየው በጎድጓዳው ውስጥ ጥቁረት ስላለ ነው፤ ጥቁረቱ ሲወጣ ሐረጉም አብሮ ይጠፋል።

እንግዲህ ማጽዳት ካስፈለገ ከቀላሉ ይጀምሩ። ለብ ያለ ውሃ፣ ጥቂት ለስላሳ የዕቃ ሳሙና፣ ያረጀ ጥጥ ጨርቅ፤ ከዚያ ወዲያው ማድረቅ። ብዙ ጊዜ ይህ ብቻ ይበቃል። ጥቁረቱ የግድ ይነሣ ካሉ ለብር ተብሎ የተዘጋጀ መወልወያ ጨርቅ በቀስታ ይጠቀሙ፤ ማኅተሙንና ጽሑፉን ዘለው። የጥርስ ሳሙናና አመድ ይጭራሉ። ጨውና በረኪና ክሎሪን ስላለባቸው ብሩን ይበላሉ፤ በጨው ዕቃ ላይ የሚታየው ጥቃቅን ጉድጓድ የዚህ ሥራ ነው። የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ውስጥም የብር ዕቃ አይግባ።

ፎይል አንጥፎ፣ ሶዳ በጥብጦ፣ በሙቅ ውሃ መዘፍዘፍ ብዙ ቤት ይሠራበታል። አሠራሩ እውነት ነው፤ ድኙን አሉሚኒየሙ ይወስደዋል፤ ብሩም ወደ ብርነቱ ይመለሳል። ለተራ ማንኪያ ይሆናል። ጎድጓዳው እንዲጠቁር ለተተወ መስቀል፣ ፈርጥ ላለው ቀለበት፣ ውስጡ ክፍት ለሆነ ዶቃና ድሪ፣ እጀታው በሙጫ ለተሞላ ቢላ ግን አይሆንም። ውሃው ከውስጥ ይቀራል፤ ሙጫው ይለቃል፤ ጥቁሩ ሐረግ ይጠፋል። ሰዓት ደግሞ፣ ቀፎው ብር ቢሆንም፣ በምንም ዓይነት ውሃ አይገባም።

ሲያስቀምጡ እያንዳንዱን በተለያየ የታጠበ ጥጥ ጨርቅ ጠቅልለው እርጥበት በሌለበት ያኑሩ። በጋዜጣ አይጠቅልሉ፤ በላስቲክ አይሰሩ። ከአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘው እርጥበት የምትመጥ ትንሽ ከረጢት አትጣል፤ አብራ ትቀመጥ። በጅዳ፣ በዱባይና በመሰለው የባሕር ዳር ከተማ ለሚኖሩ ይህ በይበልጥ ያስፈልጋል። ዘወትር የሚደረግ ጌጥ ግን ከሁሉ ይሻላል፤ ገላ እያሻሸው ጥቁረት አይጠናበትም። ሽቶና የፀጉር ቅባት ብቻ ከማድረግዎ በፊት ይቅደሙ።

ስለ ሁለት ነገር ደግሞ በጥብቅ ላሳስብ። በእጅዎ ያለው ነዋየ ቅድሳት ከሆነ የሚያጸዳውም የሚያኖረውም የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ነው፤ ወደ ቤቱ ይመለስ። ሁለተኛው፣ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም፤ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ይህን ደንግጓል። ከአዲስ አበባ የአያትዎን መስቀል ይዘው ሊወጡ ከሆነ አስቀድመው ከቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ይጠይቁ። ኤርፖርት ላይ ከመከራከር ይህ ይቀላል፤ ለአገርም ይበጃል።

የመጨረሻው ልመናዬ ስለ ወረቀትና ብዕር ነው። ማኅተሙ ከተማውን፣ ቁጥሩ ዓመቱን ሊነግርዎ ይችላል። ሰዓቱን አያትዎ ለምን እንደገዙት፣ ማን እንደሸለማቸው፣ አልቦው በየትኛው ሠርግ እንደተደረገ ግን ማሽኑም ማኅተሙም አያውቁትም። ያን የሚያውቁት በሕይወት ያሉ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ናቸው። ማን፣ መቼ፣ ከየት፣ ለማን የሚለውን ጠይቀው በንጹሕ ወረቀት ይጻፉ፤ ፎቶ አንሥተው አብረው ያኑሩ። ዕቃው ላይ ምንም አይጻፉ፤ ምንም አያስቀርጹ። ጥድፊያ ጎጂ ነው ብዬ ይህን ሁሉ ጽፌያለሁ፤ በዚህ አንድ ነገር ግን ይጣደፉ። ብሩ አሥር ዓመት ጠቁሮ ቢቆይ ምንም አይሆንም፤ ታሪኩን የሚያውቁት አክስትዎ ግን ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል። ዛሬውኑ ይደውሉላቸው።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
አንባቢዎን አክባሪ ጸሐፊ